የማን? መቼ? ምን ዓይነት?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። አንዱ ጓደኛችን ለማስተማር ልምምድ ማስታወሻ ሲያዘጋጅ «ኦቴሎ»ን፣ «እናት ዓለም ጠኑ»ንና «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን በአንድ ረድፍ አሰልፎ «የጸጋዬ ገብረ መድኅን ወጥ ተውኔቶች» ብሎ ጻፈ። «ልክ ነው» ካልነው አንዱ እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ ግን አፈርኩ።

«ኦቴሎ» የሼክስፒር ነው፤ ጸጋዬ ወደ አማርኛ መለሰው። «እናት ዓለም ጠኑ» ከጀርመናዊው ከብሬሽት ተውኔት የተወሰደ ውርስ ትርጉም ነው። «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» የራሱ ወጥ ድርሰት ነው፤ እሱም ቢሆን በዚሁ ርእስ «እሳት ወይ አበባ» ውስጥ ግጥም አለ፣ ለብቻው ደግሞ ተውኔት አለ። የትኛውን ማለታችን ነው?

ዘመኑስ? በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት የታተመው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ በእኛ 1957 ወይም 1958 መሆኑ ነው። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ከዘለልናት ግን ድርሰቱ የ1966ቱ አብዮት ዋዜማ ላይ ቁጭ ይላል። ተማሪውም የሌለ የአብዮት ሽታ ሲፈልግበት ይውላል!

አንዳንዶች «ይሄ እኮ ጸጋዬን ማሳነስ ነው» አሉኝ። በበኩሌ አልስማማም። የቄሳርን ለቄሳር ብንሰጥ ለጸጋዬ የሚቀረው ጥቂት አይደለም። የሰው ሥራ ጭነን ከማግነን ይልቅ የተርጓሚነቱን ድካም በስሙ መጥራት ክብሩ ነው።

ሼክስፒር በ1616 እ.ኤ.አ. ሞቶ ጓደኞቹ 36 ተውኔቶቹን ሰብስበው ያሳተሙት በ1623 ነው። የትኛው መቼ እንደተጻፈ፣ የትኛው ላይ የሌላ ሰው እጅ እንዳለበት ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። የእኛው ጸጋዬ ያረፈው ግን ገና በ1998 ዓ.ም. ነው። አብረውት የሠሩ፣ ተውኔቶቹን መድረክ ላይ ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ታዲያ አሁን ካልጠየቅን መቼ ልንጠይቅ ነው?

እኔ የደጎሎ ልጅ ነኝ። ነገ ወደ ደጎሎም ሆነ ወደ መካነ ሰላም ስንመደብ ልጁ በእጁ የሚገባው መጽሐፍ ጥቂት ነው፤ የሚያምነው ሰሌዳውን ነው። እኛ የጻፍነውን በዳስተር እናጠፋለን፤ እሱ ደብተሩ ላይ የገለበጠው ግን አይጠፋም። ስለዚህ እጩ መምህራን፣ ጠመኔውን ከማንሣታችን በፊት እንጠይቅ፤ የማን? መቼ? ምን ዓይነት?