ዋስ ልሁን ወይስ አልሁን?

ሰሞኑን ዳንግላ ውስጥ በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ነው። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ጨዋታው ሲደራ አንድ ወጣት ወደ ካህኑ ጠጋ አለና ጥያቄውን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ አቀረበ። «አባ፣ ጓደኛዬ ከብድርና ቁጠባ ገንዘብ ሊወስድ ነው። ዋስ ሁነኝ ብሎኛል። የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆን አለመሆኑን በምን ልወቅ?» ካህኑ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አንድ ጎልማሳ ጣልቃ ገብቶ ሱባኤ እንዲይዝና ምልክት እንዲጠብቅ መከረው። ሌላው በስልኩ ያየውን የአንድ ሰባኪ ቪዲዮ ጠቅሶ፣ ነገሩ በሕልም ይገለጥልሃል አለው።

ካህኑ ሁለቱንም አስጨርሰው ሦስት ነገር ጠየቁ። ጓደኛህ ከዚህ በፊት የተበደረውን መልሷል ወይ? እሱ ባይከፍል አንተ ከምን ትከፍላለህ? ሚስትህስ ሰምታለች? በሁለቱ ላይ ወጣቱ ትንሽ ተንተባተበ፤ በሦስተኛው አቀረቀረ። «እንግዲያው አሁን ቤትህ ግባና ከእሷ ጋር ተማከር፤ ነገ ና፣ አብረን እንጸልያለን» አሉት።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከእንዲህ ያለው ምልክት ጠባቂነት ጋር ያለንን የቆየ ጠብ ያውቁታል። ጸሎትንና ሱባኤን የሚያቃልል ሰው ከዚህ ዓምድ ድጋፍ አያገኝም። ነገር ግን ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ሊያማክረው የሚገባውን ሰው ሳያማክር ከሰማይ ምልክት የሚጠብቅ ክርስቲያን እየበዛ ነው፤ ይህንን መንፈሳዊነት ብለው የሚሸጡለት ሰባኪዎችም እየበዙ ነው። ከእነሱ ጋር ረጅም ክርክር መግጠም አያስፈልግም። የሚጠቅሱትን መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብ ይበቃል።

መጽሐፈ ሲራክ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው። 29ኛው ምዕራፉ ስለ ብድርና ስለ ዋስትና በሰፊው ይናገራል። ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ እንደሚሆን ይነግርና ወዲያው ዋስትና የብዙ ባለጠጎችን ቤት እንዳፈረሰ ያስታውሳል፤ የሚረዳ ሰው አቅሙን እንዲለካ፣ ራሱም እንዳይወድቅ እንዲጠነቀቅ ያሳስባል። መጽሐፈ ምሳሌ በ6ኛው ምዕራፍ ከዚህም ይከብዳል፤ ለሰው ዋስ የሆነ ሰው ዓይኑ እንቅልፍ ሳያይ ሄዶ ተለማምጦ ራሱን ነጻ እንዲያወጣ ይወተውተዋል። ምሳሌን ደግሞ 66ቱን የሚቀበሉት የወንጌል አማኞችም ያነቡታል። አንደኛው በልክህ አድርገው ሲል ሌላው ከገባህበት ውጣ ይላል። ለዳንግላው ወጣት የትኛው እንደሚሆን የሚለየው የጓደኛውን ጠባይ፣ የራሱን ኪስና የቤቱን ሁኔታ ያየ ሰው ነው። ካህኑ የጠየቁትም ይህንኑ ነበር።

ዳንግላ ያለችበት አገው ምድር ለዚህ ዓይነቱ ጥበብ እንግዳ አይደለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ አባላቱም ከ60 ሺህ በላይ ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። ካሜራው ሁሉ የሚሻማው ያጌጠውን ፈረስና ጉግሱን ለመቅረጽ ነው። የተጣላ ሲታረቅ፣ ለቅሶ ሲደረስ፣ የተቸገረ አባል ሲደገፍ ማንም አይቀርጽም፤ ማኅበሩን ይህን ያህል ዘመን ያቆየው ግን ይኸው ነው።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲያስታርቁ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከሳሽ ይናገራል፤ ማንም አያቋርጠውም። ተከሳሽ ይናገራል፤ እሱም አይቋረጥም። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ የሁለቱንም ቃል መልሶ ይናገራል፤ «አንተ ያልከው እንዲህ ነው፤ አንተ ደግሞ እንዲህ ብለሃል፤ ልክ ነው?» ልክ አይደለም ካሉ ይታረማል። ፍርዱ የሚመጣው ሽማግሌዎቹ ዘወር ብለው ከመከሩ በኋላ ነው፤ አንዳንዴ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። የቸኮለ ሰው ይህን ጊዜ ማባከን ይለዋል።

ሰሎሞን ያደረገውም ይህንኑ ነው። በገባዖን እግዚአብሔር በሕልም ምን ልስጥህ ብሎ ሲጠይቀው ሕዝቡን የሚፈርድበት አስተዋይ ልብ ለመነ። ታሪኩ ቀጥሎ የሚያመጣው ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም፤ በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ሕዝብ የናቃቸው የሁለት ሴቶች ጠብ ነው። ሰው ሁሉ ሕፃኑ እንዲከፈል የታዘዘበትን ሰይፍ ያስታውሳል። ከሰይፉ በፊት ንጉሡ አንደኛዋ ያለችውን፣ ቀጥሎም ሌላዋ ያለችውን መልሶ እንደተናገረ ግን ብዙ ሰባኪ ይዘለዋል። ሕልም አለምኩ ለሚሉት ሁሉ ይህ ክፍል ቢነበብላቸው መልካም ነበር፤ ሰሎሞን በሕልሙ ያገኘው ከነቃ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበትን ልብ ነው።

የዚህ ጥበብ ጉድለት ሰው ሲያጠፋ በቅርብ ጊዜ ታሪካችን አይተናል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ፣ ጸበል ቦታ መድኃኒት የዋጠ እምነት የጎደለው ነው እየተባለ ክኒናቸውን የጣሉ ነበሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በግልጽ ወጥተው ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ምእመናን ሁለቱንም እንዲወስዱ ተናገሩ። አዲስ ትምህርት አላመጡም። ያው ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል፤ በሽተኛውን ጸልይ ይለውና ለሐኪሙም ቦታ ስጥ ይለዋል። ዛሬም የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ክኒን የሚያስጥል ሰው አለ። ይህ ኃጢአት ነው፤ ሌላ ስም አይገባውም።

ምዕራፉ እዚያ ላይ አያበቃም። ከሐኪሙ ወደ አራሹ፣ ከአራሹ ወደ አንጥረኛውና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ይሻገራል። እነዚህ በሸንጎ ባይቀመጡም ያለ እነሱ ከተማ እንደማይቆም ይመሰክራል። በኦሪት ዘጸአት ደግሞ በእግዚአብሔር መንፈስ፣ በጥበብና በማስተዋል ተሞላ የተባለው ባስልኤል ወርቅ አቅላጭ፣ እንጨት ጠራቢ ነው። እኛ ዘንድ ግን እሑድ ይህን ሰምቶ ሰኞ ቀጥቃጩን ቡዳ የሚል አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ስድቡ አለመጥፋቱ ያሳዝናል፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ባስልኤል የሚማር ልጅ ስንት እንደሆነም መጠየቅ ይገባል።

ወደ አራሹ እንመለስ። በዚሁ በአገው ምድር፣ ፋግታ ለኮማ ውስጥ መሬቱ አሲዳማ ሆኖ ምርት ሲነፍገው ገበሬው ዲከረንስ ተከለ። ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና መሬቱ ለጤፍ ይመለሳል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ28ኛው ምዕራፍ ጥቁር አዝሙዱን የት፣ ስንዴውን የት፣ ገብሱን የት እንደሚዘራ ለገበሬው ያስተማረው አምላኩ ነው የሚለው ይህን የመሰለውን ብልሃት ነው። በእህል እንደምናውቀው ዋግ ያለ የፈንገስ በሽታ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዛፉን እያደረቀው ነው። መሬቱን ሙሉ ዲከረንስ ያደረገው ክፉኛ ተጎዳ። ከጓሮው ድንችና ገብስ ያልለየው ቢያንስ የሚቀምሰው አላጣም።

አሁን በየደጀ ሰላሙ ከቅዳሴ በኋላ የሚነሳው ወሬ ዲከረንሱ ይነቀል ወይስ ይጠበቅ፣ ለአሲዱ ኖራ ይበተን ወይስ ሌላ ዛፍ ይሞከር የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ሥጋዊ ነው ብሎ ከግቢ ማስወጣት የኢሳይያስን ምዕራፍ መቅደድ ነው። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ ተጋብዞ አንድ ሰዓት ይሰጠው፤ ካህኑ በጸሎት ይክፈቱ፤ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪም ለምርመራ የሚሆነውን የማሳውን አፈር በፌስታል ይዞ ይምጣ።