የንግድ ቤት ወለል ስንት ኩንታል ይችላል?

በከተማችን አንድ የንግድ ፎቅ ሲሠራ ስንት ደርብ እንዳለው፣ መስተዋቱ ከየት አገር እንደ መጣ፣ የሱቁም ኪራይ በካሬ ሜትር ስንት ብር እንደ ሆነ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል። ያው ወለል በካሬ ሜትር ስንት ኩንታል እንደሚሸከም የሚያውቅ ተከራይ ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ወደ አሳንሰር የገባ ሰው «8 ሰው ወይም 630 ኪሎ» የሚል ጽሑፍ በግልጥ ተለጥፎ ያነባል። ከአሳንሰሩ ወጥቶ የሚቆምበት ወለል ግን ዝም ያለ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ዝምታ መቅረት አለበት። የንግድ ቤት ሲነደፍ ነጋዴው በእውነት የሚያኖርበት ዕቃ ታስቦ ይሰላ፤ ከተሰላም በኋላ ቁጥሩ በየደርቡ ግድግዳ ላይ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። የማቀርበው አሳብ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲገባን ክብደት በሕንፃ ውስጥ በየት በኩል እንደሚወርድ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ዕቃ በወለል ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ እዚያው አይቀርም። ግንበኞች ሶሌታ የሚሉት የአርማታ ወለል ክብደቱን ለቢሙ ይሰጣል፤ ቢሙ ለምሰሶው፣ ምሰሶው ከበታቹ ላለው ምሰሶ፣ የመጨረሻው ምሰሶ ለመሠረቱ፣ መሠረቱም ለአፈሩ ያስረክባል። እንግዲህ በአምስተኛው ደርብ ላይ የተከመረ ጆንያ የሚጫነው አምስተኛውን ደርብ ብቻ አይደለም፤ ምድር ቤት የቆመውን ምሰሶ ጭምር ነው። በጎጆ ቤት ውስጥ የመካከሉን ምሰሶ ልንቀል የሚል ሰው የለም፤ ምን እንደ ተሸከመ ሁሉም በዓይኑ ያየዋልና። በአርማታ ቤት ግን ምሰሶው በልስንና በቀለም ስለሚሸፈን፣ አንዳንዴም በመስተዋት ስለሚለበጥ፣ ተከራዩ እንደ ማስጌጫ ይቆጥረዋል።

አርማታ ራሱ ከባድ ነገር ነው። አንድ ሜትር ኩብ 25 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ሶሌታ ማንም ሳይረግጠው በካሬ ሜትር 3.75 ኩንታል ነው። ሊሾው፣ ንጣፉና ከሥሩ ያለው ልስን ሲጨመር ወደ 5 ኩንታል ይጠጋል። የሰውና የዕቃ ጭነት የሚታሰበው ከዚህ በላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ስታንዳርድ መሠረቱ የአውሮፓ ደንብ ሲሆን፣ ደንቡ በኩንታል ቢመለስ በካሬ ሜትር ለመኖሪያ ቤት 2፣ ለቢሮ 3፣ ለሱቅ 4፣ ለትልልቅ የገበያ አዳራሽ 5 ኩንታል ያህል ይመክራል። ለዕቃ ማከማቻ ግን ቢያንስ 7.5 ኩንታል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን የመጨረሻውን ቁጥር በልብህ ያዝልኝ፤ ክርክሬ ሁሉ በእርሱ ላይ ነውና።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው የንግድ ፎቅ እንዴት እንደሚሠራበት ያውቃል። ምድር ቤቱና አንደኛው ደርብ ሱቅ ነው፤ ከዚያ በላይ በፕላኑ ላይ «ቢሮ» ተብሎ የተጻፈው ክፍል ብዙ ጊዜ መጋዘን ሆኖ ይገኛል። ነጋዴው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ዕቃው ከሱቁ አጠገብ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ የላይኛው ደርብ ደግሞ ኪራዩ ይቀንሳል። አሁን የወረቀት ካርቶን እንውሰድ። እስከ 2 ሜትር ከፍታ የተደረደረ የወረቀት ካርቶን በሚያርፍበት ካሬ ሜትር ላይ ከ12 ኩንታል በላይ ይጫናል። መተላለፊያው ባዶ ስለሆነ አማካዩ ይወርዳል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እውነቱን ነው። የክፍሉ ግማሽ መተላለፊያ ቢሆን እንኳ ግን 6 ኩንታል ይቀራል። ይህም ቢሮ ተብሎ ለተሰላው ወለል እጥፍ ነው።

በዚህ ጊዜ ባለ ሕንፃዎች የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ «መሐንዲስ ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚሠራው፤ ይችለዋል» ይላሉ። በከፊል ልክ ናቸው። መሐንዲሱ የዕቃውን ጭነት በ1.5 አባዝቶ ነው የሚያሰላው፤ ለአርማታውና ለብረቱ ጉድለትም ሌላ መጠባበቂያ ይተዋል። ግን ሒሳቡን ልብ ብለን እንየው። ለገበያ አዳራሽ የተሰጠው 5 ኩንታል በ1.5 ሲባዛ 7.5 ይሆናል። ይህ ደግሞ ለመጋዘን ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ትክክል ነው፤ ያውም መጋዘኑ ገና በ1.5 ሳይባዛ። ስለዚህ አዳራሹን መጋዘን ያደረገ ሰው ቤቱ አይወድቅበት ይሆናል፤ ነገር ግን በጭነት በኩል የተተወለትን መጠባበቂያ በሙሉ በልቶ ጨርሷል። መጠባበቂያው የተተወው ሲሚንቶው በውኃ የቀጠነ እንደ ሆነ፣ ፌሮው ከቦታው የተንሸራተተ እንደ ሆነ፣ ምድርም የተንቀጠቀጠች እንደ ሆነ ነበር። አደጋው ድምፅ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። ወለሉ ዛሬ አልወደቀም ማለት ጭነቱን ችሏል ማለት አይደለም።

መጠባበቂያ ጥቂት በጥቂት ተበልቶ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ታይቷል። ሰኔ 22 ቀን 1987 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች 1995) ሳምፑንግ የተባለው ትልቅ የገበያ ሕንፃ ገበያተኛ በሞላበት ሰዓት ፈርሶ 502 ሰዎች ሞቱ፤ ከ900 በላይ ቆሰሉ። ያን ሕንፃ የጣለው አንድ ታላቅ ስሕተት አልነበረም። መጀመሪያ የተነደፈው ለሌላ አገልግሎት ሲሆን፣ ባለቤቱ በሥራው መካከል የገበያ አዳራሽ ይሁን አለ። ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ቦታ ለማግኘት ምሰሶዎች እንዲነሡ ተደረገ። 80 ሳንቲሜትር መሆን የሚገባቸው ምሰሶዎች 60 ሆነው ተሠሩ። ይህ ሩብ ብቻ የጎደለ ይመስላል፤ ነገር ግን የምሰሶ አቅም የሚለካው በተቆረጠ ፊቱ ስፋት ነውና 60 ሲባዛ በ60 ለ80 ሲባዛ በ80 ከመቶ 56 ብቻ ነው። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጎደለ ማለት ነው። ቀጥሎ አምስተኛ ደርብ ተጨመረ፤ እርሱም ወለሉ የሚሞቅ የምግብ ቤት ሆነ፤ ማሞቂያውን ለመቅበር አርማታው መወፈር ነበረበት። በመጨረሻም በጣሪያው ላይ የነበሩት ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎች ጎረቤት በድምፃቸው ስለ ተማረረ በ1993 (እንደ ፈረንጆች) ከቦታቸው ተነሥተው ጣሪያውን አቋርጠው ወደ ሌላው ጎን ተወሰዱ።

የሳምፑንግ ሶሌታ ቢም አልነበረውም። ወለሉ በቀጥታ በምሰሶው ራስ ላይ ያረፈ ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር ለንግድ ቤት የሚወደድበት ምክንያት አለው፤ ጣሪያው ለጥ ያለ ይሆናል፣ ቱቦና ሽቦ ያለ እንቅፋት ያልፋል፣ ደርቡም ያጥራል። አደጋው ግን ጭነት ሲበዛ ምሰሶው ሶሌታውን እንደ ችንካር መብሳቱ ነው። ቢም ያለው ወለል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ምሰሶ የበሳው ወለል ግን በድንገት ይወርዳል፤ የወደቀውም ከበታቹ ያለውን ይዞ ይወርዳል። በሴኡል ግን ስንጥቁ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። አስተዳዳሪዎቹ በዚያ ቀን የላይኛውን ደርብ ዘግተው በታችኞቹ ደርቦች ገበያው እንዲቀጥል ፈቀዱ። ክብደት ወደ ታች እንደሚወርድ ያሰበ ሰው በመካከላቸው አልነበረምን?

በባንግላዴሽ፣ ከዳካ ከተማ አጠገብ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች 2013) የፈረሰው ራና ፕላዛም የዚሁ ዘመድ ነው። ለሱቅና ለቢሮ በተሠራ ቤት ላይ ደርብ ያለ ፈቃድ ተጨምሮ የልብስ ፋብሪካዎች ከነጄኔሬተራቸው ገቡበት። ከ1,100 በላይ ሠራተኞች አለቁ። በዋዜማው ስንጥቅ በታየ ጊዜ በታች ያሉት ሱቆችና ባንኩ ሲዘጉ፣ የስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ።

እኛ ደግሞ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ጀምሮም ከአዋሽና ከፈንታሌ ወገን የተነሣው ንቅናቄ እስከ አዲስ አበባ ፎቆች ድረስ ተሰምቷል። የንግድ ቤት በዚህ በኩል የራሱ የሆነ ድካም አለው። ምድር ቤቱ ሱቅ ስለሆነ ፊቱ በሙሉ መስተዋት ነው፤ ከላይ ያሉት ደርቦች ግን በብሎኬት ግድግዳ ይከፋፈላሉ። የላዩ ደንዳና፣ የታቹ ልል ስለሚሆን ምድር ስትናወጥ መወዛወዙ ሁሉ በምድር ቤቱ ምሰሶዎች ላይ ይከመራል። ላይኛው ደርብ መጋዘን ሆኖ ከከበደ ደግሞ ግፊቱ በዚያው ልክ ይበረታል። የአሳንሰሩን ጉድጓድ የከበበው የአርማታ ግድግዳ የቆመው አንዱም ለዚህ ነው፤ በር ለማስፋት ብሎ እርሱን መቦርቦር ከቶ የሚገባ ሥራ አይደለም።

ታዲያ ነዳፊው ምን ያድርግ? በእኔ አስተያየት ከመልክ አስቀድሞ ስለ ንግዱ ይጠይቅ። ሕንፃው የሚቆመው ነጋዴ ዕቃውን ላይኛው ደርብ በሚያከማችበት ሠፈር ከሆነ ያንን ደርብ ቢሮ ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል ነው፤ ከመጀመሪያው በ7.5 ኩንታል ያስላው። ወጪው ይበዛል ይሉኛል። ወለሉ ከነንጣፉ 5 ኩንታል መሆኑን አይተናል። በ4 ኩንታል ቢሰላ ጠቅላላው 9፣ በ7.5 ቢሰላ ደግሞ 12.5 ነው። የዕቃው ጭነት ወደ እጥፍ ሲጠጋ የጠቅላላው ክብደት የጨመረው ከሲሶ ጥቂት በለጥ ብሎ ነው። ይህን ያህል ብረትና ሲሚንቶ መጨመር በፕላን ላይ ሲሆን ይቻላል፤ ሰው ከገባበት በኋላ ግን ምሰሶ ማወፈር ሱቅ መዝጋት ነው። ይህም የማይሆንለት ባለቤት ከባዱን ዕቃ የሚያስቀምጥበት አንድ ደርብ፣ ከሁሉ የሚሻለው ምድር ቤቱን፣ ለይቶ ያሠራ።

የውኃውንም ታንከር አንርሳ። በየጣሪያው የሚታየው ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 100 ኩንታል ነው፤ የውኃው ከፍታ 2 ሜትር ከሆነ በሚያርፍበት ካሬ ሜትር 20 ኩንታል ይጫናል። ቦታው በምሰሶ ላይ ነው እንጂ በሶሌታው መካከል አይደለም። እንዲሁም አዲስ ተከራይ ሁለት ሱቅ ለመክፈል የሚያቆመው የብሎኬት ግድግዳ 3 ሜትር ከፍታ ቢኖረው በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 8 ኩንታል ያህል ይከብዳል። በአሮጌው ንጣፍ ላይ 5 ሳንቲሜትር ሊሾ አፍስሶ አዲስ ንጣፍ የሚያነጥፍም በየካሬ ሜትሩ አንድ ኩንታል ጨመረ። እነዚህ ሁሉ «ጥቃቅን እድሳት» እየተባሉ ማንም ሳይቆጥራቸው ያልፋሉ።

ቁጥሩን በግድግዳ ላይ መለጠፍ እኔ የፈጠርሁት አይደለም። ብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች የሚመሩበት የሕንፃ ደንብ በንግድና በፋብሪካ ሕንፃዎች ውስጥ በካሬ ሜትር ከ2.4 ኩንታል ለሚበልጥ ጭነት የተሰላ ወለል ሁሉ ቁጥሩ በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍ ባለቤቱን ያስገድዳል። «የእኛ ነጋዴ አንብቦ አይመዝንም» የሚሉ አሉ። ነጋዴ ግን በኩንታል የሚገዛ፣ በኩንታል የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከመሐንዲሱ ቀጥሎ ይህን ቁጥር ፈጥኖ የሚረዳው እርሱ ነው። ከወላጆቻችን መካከል ባለ ሱቆች ብዙዎች ናቸውና ሊፈርዱልኝ ይችላሉ። «ቁጥሩ ከተለጠፈ ተከራይ ይሸሻል» ለሚሉትም፣ የሚሸሸው ለዚያ ወለል የማይስማማው ተከራይ ነው፤ ቢሸሽ ለሁለቱም ደግ ነው።

ጽሑፉ ረጅም መሆን አያሻውም። «ይህ ደርብ ለሱቅ የተሠራ ነው፤ በካሬ ሜትር ከ4 ኩንታል በላይ አይጫንበት» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ከደረጃው አጠገብ ይበቃል። በኪራዩም ውል ውስጥ ያው ቁጥር ይግባ። ፕላናቸው የጠፋ አሮጌ ፎቆች እንዳሉ አውቃለሁ። መሐንዲስ ገብቶ ምሰሶአቸውን እስኪለካ፣ በአርማታው ውስጥ ያለውንም ፌሮ በመሣሪያ ፈትሾ ቁጥራቸውን እስኪያወጣ ድረስ፣ ቢሮ የነበረው በ3 ኩንታል፣ መኖሪያ የነበረው በ2 ኩንታል ይቆጠር፤ ከዚህ የበለጠው ዕቃ ከሥሩ ሌላ ክፍል ወደሌለው ወደ ምድር ቤቱ ወለል ይውረድ።