መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ መሣሪያው



እንደሚታወቀው ድሬዳዋ ላይ ሚያዝያ ሲጋመስ በየቤቱ የሚነሳው ጨዋታ አንድ ነው፤ እሱም የሙቀት ጨዋታ ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ መድረሱ ለድሬ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ቀኑንስ በሥራም በጥላም እንገፋዋለን። የሚከብደው ሌሊቱ ነው። የብሎኬቱ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ሲተፋው ሕፃናት ሲያለቅሱ ያድራሉ፣ አዛውንት አልጋቸውን ወደ ግቢ ያወጣሉ፣ የልብና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጋሉ።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ታዲያ በየቡናው ላይ የሚነሳ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱም ኤሲ ነው። እገሌ አስገባ፣ እገሊት ልታስገባ ነው፣ የእነእንትና ልጅ ከአሜሪካ ገንዘብ ልካ ለቤቱ በሙሉ ልታስገባላቸው ነው ይባላል። ይህ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ነገሩ ያለ ሒሳብና ያለ ምክክር እየተካሄደ ስለሆነ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሐሳባችንን መሰንዘር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከራሳችን ሠፈር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ባለቤቱ ስሙ እንዳይነሳ፣ ነገሩ ግን እንዲጻፍና ሌላው እንዲማርበት ፈቅዶልናል። ይህ ጎረቤታችን እቁብ ሲደርሰው ሙሉውን ለኤሲ አዋለው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ እናቱ በሙቀት ይሠቃዩ ነበርና። ቤቱ ግን ኮርኒስ የለውም። ከራስ በላይ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ነው። መሣሪያው ከምሽት እስከ ንጋት ሳያርፍ ይጮኻል፤ ክፍሉ ግን ለብ ከማለት አላለፈም። ከዚያ የመብራቱ ሒሳብ መጣ። በሁለተኛው ወር ደግሞ ይባስ ብሎ መጣ። በሦስተኛው ወር መሣሪያው ጠፋ፤ ዛሬ በጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ አለ። እናቱም እንደ ድሮው ግቢ ውስጥ ይተኛሉ። ሰውየው ሲጠየቅ «አቦ ተዉኝ፣ እቁቤን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ» ይላል። እንስቃለን፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት። እኛ ኤሲ ቅንጦት ነው የምንል አይደለንም። የአየሩ ሙቀት ከሰውነታችን ሙቀት ጋር ሲተካከል ወይም ሲበልጥ ቬንቲሌተር የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። በተለይ ለአዛውንት፣ ለጨቅላ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ማግኘት የጤና ጉዳይ ነው። የእኛ አቋም ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ መሣሪያው እንላለን።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ በኋላ የተሠሩትን የከዚራን አሮጌ ቤቶች ገብቶ ያየ ሰው ይመስክር። ግድግዳቸው ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው፤ መስኮታቸው የእንጨት መዝጊያ አለው፤ መንገዱም በዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው። የቀድሞ ሰዎች ኤሲ ስላልነበራቸው ሙቀቱን ከበር መለሱት። እኛ ደግሞ ኤሲ አገኘን ብለን ሙቀቱን በጣሪያ በኩል ግባ ብለን ጋብዘን፣ መልሶ ለማስወጣት በየወሩ እንከፍላለን።

በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮ እጅ እንደማያስነካ ሁላችንም እናውቃለን። ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ያ ትኩሳት በቀጥታ በራሳችን ላይ ይወርዳል። ኮርኒስ ከተሠራ፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ትኩስ አየር በግራና በቀኝ በወንፊት በተሸፈነ ቀዳዳ እንዲወጣ ከተደረገ፣ የጣሪያው ውጪ ደግሞ ነጭ የቆርቆሮ ቀለም ከተቀባ፣ የቤቱ ጠባይ ይለወጣል። በምዕራብ በኩል ያለው መስኮት ከውጭ በሸራ ወይም በሰሌን ሲጋረድ፣ ከዚያም አንድ የኒም ዛፍ ሲተከል፣ ሥራው ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው። ይህንን ካደረጉ በኋላ ኤሲው አያስፈልገንም የሚሉ ቤቶች ይኖራሉ። አሁንም ያስፈልገናል የሚሉት ደግሞ ትንሹ መሣሪያ ይበቃቸዋል።

ቀጥሎ ስለ «ሴንትራሉ» እንነጋገር። ከውጭ አገር የሚመጡ ዘመዶቻችን ያዩትን ያወራሉ። እዚያ በብዙ ቦታ አንድ ትልቅ መሣሪያ ቀዝቃዛውን አየር በቱቦ እየነዳ ለክፍሎቹ ሁሉ ያድላል። እዚያ ብዙው ቤት ሲሠራ ጀምሮ ለቱቦው መንገድ ተትቶለት ነው። በእኛ ቤት ግን ቱቦው የሚያልፈው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል፣ ማለትም የቤቱ ትኩስ ቦታ ውስጥ ነው። በደንብ ካልተሸፈነና መገጣጠሚያው ካልታሸገ ቅዝቃዜው መንገድ ላይ ያልቃል። ከዚህም ሌላ ሰው የማይተኛበትን ሳሎንና ዕቃ ቤት ጭምር ሌሊቱን በሙሉ ማቀዝቀዝ ይመጣል። ስለዚህ አዲስ ቤት ከመሠረቱ የሚሠራ ካልሆነ በቀር፣ ለሠፈራችን ቤቶች የሚሻለው አንድ መኝታ ክፍል መርጦ ለዚያው የሚሆን እስፕሊት መትከል ነው እንላለን።

በውሃ የሚሠራውስ ማቀዝቀዣ? የሚሉ አሉ። አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት በጥቂት ኃይል ጥሩ ይሠራል። ዝናብ ዝናብ ሲል ግን አየሩ እርጥበት ስለሚይዝ ይደክማል። በዚያ ላይ የድሬ ውሃ ጀበናችንንና ማንቆርቆሪያችንን ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ መሣሪያውንም እንደዚያው በነጭ ደለል ይደፍነዋል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤትማ ጭራሽ አይታሰብም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ብዙዎቻችን በጀት ስንል የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ እንይዛለን። ትክክለኛው በጀት ግን ሦስት ኪስ አለው።

አንደኛው ኪስ የመግዣው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንደሚለዋወጥ አይተናል። ስለዚህ ዓምና የሰማነውን ዋጋ ይዘን እቁብ መጀመር አይበጅም። ከሦስት ቦታ በጽሑፍ ዋጋ ማምጣት፣ በዚያም ላይ ቢያንስ ከአምስት አንድ እጅ መጠባበቂያ መያዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ኪስ የመትከያው ነው። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። ማስቀመጫ ብረት፣ የመዳብ ቱቦ፣ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ የኃይል መዋዠቅ የሚከላከል ስታቢላይዘር፣ የባለሙያ ዋጋ ሁሉም ገንዘብ ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ብቻ ስለሆነ የውጭው ክፍል በራቀ ቁጥር ተጨማሪ በሜትር ይከፈላል። ሻጩን «ተከላው በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ምን ምንን ይጨምራል?» ብለን ሳንጠይቅ ገንዘብ አንቁጠር።

ሦስተኛው ኪስ የየወሩ ነው፤ የጎረቤታችንን ኤሲ በጨርቅ ያሸፈነው ይኸው ነው። ቁጥሩን እንመልከተው። 12,000 ቢቲዩ የሚባለው የተለመደው እስፕሊት ሞተሩ ሲሠራ 1.1 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ሌሊት 8 ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ 8.8፣ በወር 264 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ለመላው ቤት የሚሆን 36,000 ቢቲዩ መሣሪያ በዚሁ ስሌት ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 792 ይደርሳል። 70 ዋት የሆነ የኮርኒስ ቬንቲሌተር ግን ለዚያው ጊዜ በወር 17 እንኳ አይሞላም። ደህና ኮርኒስ ባለው ቤት የኤሲው ሞተር ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ስለሚያርፍ ከ264ቱ በጣም ያነሰ ይቆጥራል፤ በባዶ ቆርቆሮ ሥር ግን የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ የሚል ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። እንግዲህ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት የቤታችንን የመብራት ደረሰኝ አውጥተን፣ በላዩ ላይ 264 ደምረን፣ ሙቀቱ በሚጠናባቸው ወራት ይህን መክፈል እችላለሁ ወይ? ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ «አልችልም» ከሆነ፣ ገንዘቡን ለጣሪያው እናውል።

መሣሪያውን ለሚገዙም ጥቂት ምክር እንጨምር። ለ16 ካሬ ሜትር ክፍል፣ ኮርኒስና ጥላ ካለው፣ 9,000 ቢቲዩ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ሲገዛ ይወደዳል፣ ሌሊት ሌሊት ብዙ ለሚሠራ ግን በመብራት ይመልሰዋል። ባለሙያው ቱቦውን ከማገናኘቱ በኋላ ጋዙን ከመልቀቁ በፊት በውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ መምጠጥ አለበት፤ «አያስፈልግም» የሚል ከሆነ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጎደለ ከተባለ ያፈስሳል ማለት ነውና ቀዳዳው ሳይደፈን በየዓመቱ «ጋዝ ሙላ» እያሉ መክፈል ገንዘብን በወንፊት ማጠራቀም ነው። የድሬን አቧራ ስለምናውቀው ማጣሪያውን በየ15 ቀኑ እጠቡት። በመጨረሻም 18 ላይ አድርጎ ብርድ ልብስ ከመልበስ፣ 26 ላይ አድርጎ ቬንቲሌተር ቀስ ብሎ እንዲዞር ማድረግ ለኪስም ለእንቅልፍም ይበጃል።

አንዳንድ ወገኖች «በሰው ቤት ውስጥ ማኅበሩ ምን አገባው?» ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንዱ ኤሲ ትኩስ አየሩን የሚተፋው በሌላው መስኮት ላይ ሲሆን ጉዳዩ የሁለት ቤት ይሆናል። ሁላችንም በአንድ ሰዓት ስንከፍት የሠፈሩ ትራንስፎርመር ሲጨነቅ፣ የኃይሉ መውረድ የሁላችንንም ፍሪጅ ይነካል። ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ሌሊት አየር አጥተው የሚያድሩት አዛውንት የሁላችንም እናትና አባት ናቸው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። እድር አለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳን እንጥላለን፣ እንቀብራለን፣ እናስተዛዝናለን። የእድሩን ገንዘብ አንነካም፤ እሱ ለተቋቋመበት ይዋል። ከእሱ ሌላ ግን አንድ የኮርኒስ እቁብ እናቋቁም። እቁቡ እንደተለመደው በዕጣ ብቻ አይሁን፤ አዛውንት፣ ሕሙማንና ጨቅላ ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች በቅድሚያ ይውሰዱ፣ ዕጣው ከዚያ በኋላ ይውጣ። ችፑዱን፣ ሞራሌውንና ቀለሙን በጋራ ብንገዛ በዋጋ የመደራደር አቅም ይኖረናል። ወጣቶቻችን መሰላል ይዘው ቀለሙን በመቀባት ቢተባበሩ የእጅ ዋጋው ይቀራል። ኤሲ የሚገዙትም አንድ ላይ ሆነው አንድ ባለሙያ ቢይዙ ይረክስላቸዋል።

በዕጣ ቀድሞ መውሰድ የሚገባው ሰው ተራውን ለጎረቤቱ እናት መተው ቀላል አይደለም፤ ይህን እናውቃለን። ቅሬታም ይነሳ ይሆናል። ግን አንድ ነገር እናስብ፤ በዚያች እናት ድንኳን ሥር ቁጭ ብለን ከምናዋጣ፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ራሳቸውን የሚያሳርፉበትን ጣሪያ ብናለብስላቸው አይሻልም ወይ?

የጎረቤታችን ቤት የመጀመሪያው እንዲሆን ሐሳብ እናቀርባለን። ኤሲው እንደሆነ ተተክሏል፤ የጎደለው ኮርኒሱ ነው። ነገሩን ለመወሰን ሚያዝያ ሳይገባ በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት። የምትቃወሙም የምትደግፉም፣ የመብራት ደረሰኛችሁን በኪሳችሁ ይዛችሁ ኑ።