ካባው እውነት፣ ሰዉ ውሸት

የታሪክ ቴአትር ሊሠራ በታሰበ ቁጥር ከየማዕዘኑ አንድ ድምፅ ይነሣል፤ «ታሪክ ይከበር!» ይላል። መልካም፤ ይከበር፤ ማን ይጠላል? ዳሩ ግን ይህ ሁሉ አክባሪ የሚያከብረው ምኑን ነው? ካባውን፣ ጋሻውን፣ ሹሩባውን፣ ብርሌውን! ተዋናዩ የእጅ ሰዓቱን ሳያወልቅ መድረክ ላይ ከወጣማ ጉድ ፈላ። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «እሷ ምንትዋብን ልትሆን? ጠይም አይደለች እንዴ!» «እሱስ ቴዎድሮስን? የየት አገር ሰው ሆኖ?» የሚለው ነው።

የኔ ጠብ እዚህ ላይ ነው። ወገኖቼ፣ ሁለት ጥያቄ አደባልቀናል። አንደኛው «ማን ይጫወት?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «በታሪኩ ውስጥ ማን ይታይ?» የሚል። የፊተኛው ለጥበብ የተተወ ነው። የኋለኛው ግን የታሪክ ዕዳ ነው። እኛ የፊተኛውን ጨብጠን የኋለኛውን ለቀነዋል።

ከፊተኛው ልጀምር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። አንድ ወንድ፣ አንድ ጉሮሮ! በዚያው ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻን ሆነ፤ በዛብህን ሆነ፤ ጉዱ ካሣን ሆነ፤ ሰብለ ወንጌልንም ሆነ። «ሰብለ ሴት ናት፣ ይህ ወንድ ነው፣ ታሪክ ተዛባ» ብሎ ሬዲዮኑን የዘጋ ማን ነው? አገር ምድሩ ጆሮውን ተክሎ አደመጠ እንጂ! ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ሲመልስ የዴንማርኩን ልዑል የተጫወተው የኛው ልጅ ነው። የሰው ሐዘን በሰው ፊት ላይ ታየ፤ አበቃ። ይህን መብት ለራሳችን ወስደን ስናበቃ ለጠይሟ ልጅ የምንከለክላት በምን ሕግ ነው?

ባሕር ማዶም ያው ክርክር አለ። የዲክንስ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» እ.ኤ.አ. በ2019 ፊልም ሆኖ ሲወጣ ዴቪድን የተጫወተው የህንድ ዘር ያለው ዴቭ ፓቴል ነበር። «በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ጠይም ሰው የት ነበረ?» ለሚል ሰው መልሱ ያለው እኛ ዘንድ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ መቅደላ ወድቃ እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዝ አገር ሲገባ ዲክንስ ገና በሕይወት ነበር። ልጁ ረግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። ታሪክ ይከበር ከተባለ ይህም ታሪክ ነው! የኤሚሊ ብሮንቴን ሂትክሊፍ መጽሐፉ ራሱ መልከ ጠቋራ ያደርገዋል፤ በ1939ኙ ፊልም የተጫወተው ግን ነጩ ሎረንስ ኦሊቪየር ነው። ለካ «ትክክለኛ ታሪክ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዓይን የለመደው ነገር ኖሯል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ። ፋሲል ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ሲቆረቁር ግንቡን ማን ገነባው? ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። የሩቁን ንግድ እነማን ያዙት? የአዲስ ዓለም ሙስሊሞች። በየገጠሩ ቅማንቱ አለ። በየቤቱ ተማርኮ የመጣ ባሪያ አለ። ዳግማዊ ኢያሱ ያገባት ውቢት የወሎ ኦሮሞ ልጅ ናት፤ ልጇ ኢዮአስ በ1755 ሲነግሥ በግቢው ውስጥ ኦሮምኛ ይነገር ነበር። ከዚያም እስከ 1853 ድረስ ለብዙ ዓመታት በንጉሥ ስም አገር የገዙት የየጁ ራሶች ናቸው። ጆን ቤል የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ የአገሩን ሴት አግብቶ፣ አማርኛ ለምዶ፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ፣ በ1860 ለጌታው ለቴዎድሮስ ሲዋጋ ወደቀ።

ይህ ሁሉ ሰው በኛ መድረክ ላይ የት ገባ? ግንቡ በሸራ ላይ ተሥሎ ይቆማል፤ የገነባው ግን የለም። ንጉሡ የሚናገረው የጋዜጣ አማርኛ ነው። ፈረንጁ ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ ቋንቋ እየሰበረ ያስቃል። የባላገሩም ዘዬ እንደዚሁ ለሣቅ ይሸጣል። ይባስ ብሎ ሚና ሲታደል ቀላ ያለችው እመቤት ትሆናለች፤ ጠቆር ያለው ውሃ ቀጂ ይሆናል። ይህን ታሪክ ነው ብሎ የሚነግረኝ ካለ አልሰማውም። ይህ የዛሬው ንቀታችን ነው፤ የድሮ ካባ ለብሶ የቆመ።

«ታዲያ ሁሉም እንዳሻው ይሁን ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም! «ብሪጅርተን» የተባለው ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቶ ጥቁሩንና ነጩን እኩል መኳንንት አድርጎ አስጨፈረ። ዓይን ይማርካል። ነገር ግን ፊልሙ በሚያሳየው ዘመን በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ባርነት በሕግ የቆመ ነበር፤ ጭፈራው ይህን ያስረሳል። እኛም ነገ ቤተ እስራኤሉን ግንበኛ ከንጉሡ ማዕድ አስቀምጠን፣ ብርሌ አስጨብጠን፣ «አንድነት!» ብለን ብናስጨበጭብ ያው ነው። በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668፣ ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኗል። ሰዉን ስናሳይ የለያየውንም አዋጅ እናሳይ። አለዚያ አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት መለወጥ ይሆናል።

ይህ ለኛ ለጎንደር ልጆች የሩቅ ነገር አይደለም። የነዚያ ግንበኞች ልጆች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል። መንደራቸው ወለቃ ግን ከከተማችን አፍንጫ ሥር ነው። «እኛስ የት አለን?» ብሎ ከአዳራሹ የሚጮህ በሌለበት ጊዜ፣ የጸሐፊው ኃላፊነት ይከብዳል እንጂ አይቀልም። አዲስ ዓለም ያለው ወጣት ግን አልሄደም። ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የከተማውን ታሪክ ያያል፤ አንድም አያቱን ሳያይ ይወጣል። ይህ ልጅ ሲወጣ ምን እንደሚያስብ ጠይቀነው እናውቃለን?

ስለዚህ ብዕር የያዛችሁ፣ መድረክ የምታዘጋጁ ጓደኞቼ፣ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ሚና ስትሰጡ መልክና የትውልድ አገር አትጠይቁ፤ ችሎታ ጠይቁ። ጠይሟ ምንትዋብን ትሁን፤ የጋሞው ልጅ ቴዎድሮስን ይሁን፤ ቀዩም ባሪያውን ይጫወት። ድርሰቱ ላይ ግን አትማሩ! ግንበኛውን፣ ነጋዴውን፣ ቀጥቃጩን፣ ባሪያውን አምጡልን። አምጥታችሁም በር ላይ አታቁሟቸው፤ ስም ስጧቸው፤ ንግግር ስጧቸው፤ ከንጉሡ ጋር የሚጣሉበት ትዕይንት ስጧቸው።

ተዋናዩ ሳያወልቅ የገባው የእጅ ሰዓት በማግስቱ ይታረማል። የጠፋውን ሰው ግን ተመልካቹ ከነጭራሹ እንዳልነበረ ቆጥሮት ወደ ቤቱ ይሄዳል።