የእንቁላል ሻጩ ልጅና የዶክተርነት ማዕርግ

አንድ ጓደኛዬ ለዶክተርነት ማዕርግ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ መሆኑን የሰሙት እናቱ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ «የምን ትምህርት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። «ሰው እንዴት እንደሚማር የሚያጠና ነው» አላቸው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ስትማር አልነበር እንዴ?» ቢሉት ሁላችንም ሳቅን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ጥያቄያቸው ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ይህ ጥናት ከሥነ ልቡና፣ ከማስተማር ጥበብና ከኮምፒዩተር ዕውቀት ተውጣጥቶ ራሱን የቻለው በቅርቡ ነው፤ በስሙ የሚጠራው መጽሔት መታተም የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ነበር። ስሙ ሳይወጣለት ሥራውን የሠሩ ግን ነበሩ። ማይክል ኮል የተባለው አሜሪካዊ በ1962 በሥነ ልቡና ዶክተር ሆነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የክፔሌ ልጆች ሒሳብ ለምን እንደሚከብዳቸው ለመመርመር ወደ ላይቤሪያ ተሻገረ። እርሱና ባልደረባው ጆን ጌይ ከክፍል ወጥተው ሕዝቡ በኑሮው እንዴት እንደሚቆጥርና እንደሚሰፍር ተመለከቱ። በሳሕን ያለው ሩዝ ስንት ኩባያ እንደሚሆን በዓይን ገምቱ ሲባሉም፣ ፊደል ያልቆጠሩት የክፔሌ ሰዎች ከአሜሪካውያኑ ይልቅ ለእውነቱ የቀረቡ ሆኑ። በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አዲሱ ሒሳብ ሕዝቡ አስቀድሞ ከሚያውቀው ተነሥቶ መሰጠት እንዳለበት አስረዱ።

ይህን ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለማስተማር ልምምድ በተላክሁበት ክፍል፣ የማካፈል ጥያቄዎችን ሁሉ የሳተ አንድ ልጅ ነበርና በመዝገቤ «ደካማ» ብዬ ጻፍሁበት። ቅዳሜ ገበያ ከእናቱ ጋር እንቁላል ሲሸጥ አገኘሁት። ከሠላሳው ሦስቱ መንገድ ላይ ተሰብረውባቸው ኖሮ፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው በስንት ቢሸጡ እንደማይከስሩ ያለ እርሳስ ነገራት። እኔ ገና በጣቴ እቆጥር ነበር!

ፈተናና ቁጥር ይቅር አልልም፤ ያለ መለኪያ ጥናት ወሬ ነው። ነገር ግን ብዙ ዓመት ደክሞ የሚመለስ ሊቅ፣ ሌላ አገር የተሰፋ መለኪያ ይዞ መጥቶ ልጆቻችንን «ጠበባችሁ፣ ሰፋችሁ» የሚል ብቻ ከሆነ፣ እኔ በአንድ እርሳስ የሠራሁትን ስሕተት እርሱ በማኅተም ያጸድቀዋል። የጓደኛዬም የጥናት ርእስ ከቤተ መጻሕፍት ብቻ እንዳይወጣ የምጨቀጭቀው ስለዚህ ነው።

ከመሄዱ በፊት ሁለት ቅዳሜ ቀርቶታል። ከልጁና ከእናቱ ጋር ላስተዋውቀው ተስማምተናል፤ እንቁላሉን ግን የሚገዛው እርሱ ነው።