«እታጠባለሁ» ስትል ማን ያጥባታል?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት አለ፤ ግን ጮክ ብለን አናወራውም። ወላጆቻችን እያረጁ ነው። አንዳንዶቹ ሰው ካልረዳቸው መታጠብ፣ መልበስ፣ ከአልጋ መነሳት አይችሉም።

አሜሪካ ውስጥ ለእንዲህ ዓይነቱ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የሚከፍለው ዋናው የመንግሥት ፕሮግራም ሜዲኬይድ ነው። ብዙ ሰው ከሜዲኬር ጋር ያምታታዋል። ሁለቱም በ1965 በሕግ ቢቋቋሙም ሥራቸው ይለያያል። ሜዲኬር በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የሐኪምና የሆስፒታል ወጪ ይከፍላል። ለዓመታት በየቀኑ እየመጣ ገላ ለሚያጥብ ረዳት ግን አይከፍልም። ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ነው፤ መሥፈርቱን ላሟላ ሰው ቤቱ ድረስ ረዳት ሊልክ ይችላል።

መሥፈርቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሰውየው አቅምም ይገመገማል። ገምጋሚዋ እንዲህ እያለች ትጠይቃለች፦ ይታጠባሉ? ይለብሳሉ? ይበላሉ? መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ? ከአልጋ ወደ ወንበር ይዛወራሉ?

እናቴ ስትሮክ ከመታት ወዲህ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዙላትም። ግምገማው የተደረገው በስልክ፣ በአስተርጓሚ በኩል ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበርኩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ማመልከቻዋ ውድቅ ሆኗል። ምክንያቱ፦ «የዕለት ተዕለት ተግባሯን ራሷ ታከናውናለች።»

ይህን የሚሉት ከየት አምጥተው ነው? ይግባኝ የሚጠይቅ ሰው መዝገቡን የማየት መብት ስላለው፣ የእናቴን መዝገብ ጠየቅሁ። መልሶቿ ተጽፈዋል። መታጠብ፦ ትታጠባለች። መልበስ፦ ትለብሳለች። ጤና፦ ደህና።

እናቴ አልዋሸችም። አስተርጓሚውም ቃሉን አላጣመመም። ነገሩ ያለው አማርኛው ውስጥ ነው። «እታጠባለሁ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። «ራሴን በራሴ እጅ አጥባለሁ» ማለት ሊሆን ይችላል። «ሰው ያጥበኛል» ማለትም ሊሆን ይችላል። «ሕፃኑ ታጠበ» ስንል ሕፃኑ ራሱን አላጠበም፤ እናቱ ናት ያጠበችው። ቃሉ ማን እንዳጠበ አይነግረንም። እናቴን የማጥባት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን ትታጠባለች።

«ደህና ነኝ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ለወላጆቻችን ይህ የጤና ምርመራ ውጤት አይደለም። ምስጋና ነው። የታመመ ሰው እንኳ «እንዴት ነዎት?» ሲባል መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። በዚያ ላይ ገመና አለ። ገመና ማለት ለውጭ ሰው የማይነገር፣ የሚሸፈን የቤት ጉዳይ ነው። ለማይታወቅ ሰው «መጸዳጃ ቤት ብቻዬን መሄድ አልችልም» ማለት ለእናቴ ገመናን መግለጥ ነው።

ስለዚህ ይግባኝ ስንል፣ «ውሳኔው ልክ አይደለም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ማን ምን እንደሚያደርግ፣ በስንት ሰዓት፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ግልጽ አድርጎ ማሳየት ያስፈልጋል።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ለሁለት ሳምንት ደብተር ይዤ ጻፍኩ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ወሰድኳት። ጠዋት፣ ቀሚሷን አለበስኳት፤ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።» ሐኪሟንም አዲስ ደብዳቤ ጠየቅሁ። «ስትሮክ ነበረባት» የሚል ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ሰው እርዳታ የማትችለውን አንድ በአንድ የሚዘረዝር።

ከደብዳቤው ጋር እነዚህን ነገሮች እወቁ። ደብዳቤው ምክንያቱንና የተመሠረተበትን ደንብ መናገር አለበት። መጀመሪያ ቀኑን ተመልከቱ። ይግባኝ ለመጠየቅ የሚሰጠው ጊዜ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። ውሳኔውን የሰጠው ሜዲኬይድን የሚያስተዳድር የኢንሹራንስ ድርጅት ከሆነ፣ መጀመሪያ ይግባኙ የሚቀርበው ለራሱ ለድርጅቱ ነው፤ ጊዜውም 60 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ስቴቱ ችሎት ይኬዳል።

ወላጃችሁ ቀድሞ የሚያገኘው እርዳታ ሊቀነስ ወይም ሊቋረጥ ከሆነ ደግሞ ፍጠኑ። ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መላክ አለበት። ቅነሳው ከመጀመሩ በፊት ይግባኝ ከጠየቃችሁ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ እርዳታው እንዲቀጥል መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን ከተሸነፋችሁ ወጪውን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ችሎቱ ላይ ጠበቃ፣ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሊናገርላቸው ይችላል። አስተርጓሚም በነፃ ይቀርባል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በነፃ የሚሠሩ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች በየስቴቱ አሉ።

ከሁሉ የከበደኝ ወረቀቱ አልነበረም። እናቴን ማሳመን ነበር።

«ሰው ፊት እንዴት ይህን እናገራለሁ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ድሮ የተበደለ ሰው ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ‹አቤት! አቤት!› ይል አልነበር?» አልኳት። «አቤቱታ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ ጩኸት የመጣ ነው። አቤት የሚል ሰው ጉዳቱን ይናገራል እንጂ አይዋረድም።

ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ሳላመሰግን ልጀምር?» አለች።

«አመስግኚ። ከምስጋናው በኋላ ግን ማን እንደሚያጥብሽ ተናገሪ።»

ችሎቱ በስልክ ነበር። ተራዋ ሲደርስ እንዲህ አለች፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የምታጥበኝ ልጄ ናት። የምታለብሰኝም እሷ ናት። ሥራ ስትሄድ እስክትመለስ ድረስ ውኃ አልጠጣም፤ መጸዳጃ ቤት የሚወስደኝ የለም።»

ውኃ እንደማትጠጣ አላውቅም ነበር። ሌሊት ሌሊት ስጽፈው የነበረው ደብተር ላይም የለም። ለእኔም ሸፍናው ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ውሳኔው ተሻረ። አሁን በሥራ ቀን አንዲት ረዳት ትመጣለች። ይግባኝ ሁሉ እንዲህ አይጠናቀቅም። ግን ያልተነገረ ነገር መዝገብ ላይ አይገኝም፤ መዝገብ ላይ የሌለውን ደግሞ ዳኛ ሊፈርድበት አይችልም።

እናንተ ሁለት ቋንቋ የምታውቁ ልጆች፣ ከግምገማው በፊት ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ። «ትታጠቢያለሽ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማነው የሚያጥብሽ? ማነው የሚያለብስሽ? ሰው ከሌለ ምን ታደርጊያለሽ?» በሉ። አባታችሁን በአንቱታ የምትጠሩ ከሆነ፣ «ማነው የሚያጥብዎት? ሰው ከሌለ ምን ያደርጋሉ?» በሉ። መልሱን ጻፉት። ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትነሱ።