ከተማችን መብራት ብቻ ናትን?

አንድ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ «አዲስ አበባን አሳዩኝ» ቢለን ወዴት እንወስደዋለን? ይህን ጥያቄ ባለፈው ሰሞን ለብዙ ጓደኞቻችን አቅርበን ነበር። መልሱ ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ነው። ወደ አዲሱ ፓርክ፥ ወደ አዲሱ የእግረኛ መንገድ፥ ሌሊት በቀለም ወደሚያበራው የውሃ ምንጭ፥ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ረጅም የባንክ ሕንፃ። ከመላሾቹ ብዙዎቹ በየቀኑ በስድስት ኪሎ የሚያልፉ ናቸው። በዚያ አደባባይ የቆመውን ሐውልት ግን ከጥቂቶች በቀር የጠራልን የለም።

ከአዲሱ ነገር ጋራ ጠብ የለንም። ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ የሚናፈስበት ሣርና የሚቀመጥበት ወንበር ማግኘቱ ደግ ነው፤ ይህን የሚጠላ ቢኖር እኛ አይደለንም። የምንሟገተው፥ ከተማ ማለት ከትናንት ወዲህ የተሠራው ብቻ ነው ከሚል አስተሳሰብ ጋራ ነው። ይህ አስተሳሰብ «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለችውን በቅሎ ያስታውሰናል።

ሩቅ ሳንሄድ ከገዛ ግቢያችን እንጀምር። ዩኒቨርሲቲው ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ሲመረቅ የተረከበው ቦታ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ በሰበሰበ ጊዜ፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት በከተማው የጠፋውን ነፍስ መንግሥታችን 30,000 ብሎ አስታውቋል። በቁጥሩ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከሩ ይሆናል፤ በቦታው ግን የሚከራከር የለም። እኛ ደብተር ይዘን የምንመላለስበት መሬት ነው።

ከቀድሞው ቤተ መንግሥት፥ ከዛሬው ሙዚየም ፊት ለፊት፥ እየተጠማዘዘ ወደ ሰማይ የሚወጣ ደረጃ አለ። ወዴትም አያደርስም። አዲስ የገባ ተማሪ ሲያየው ባለሀብቱ ገንዘብ አልቆበት የተወው ፎቅ ይመስለዋል። ደረጃውን የሠሩት ፋሺስቶች ናቸው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ሙሶሊኒ በሮማ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ አንድ እርከን ቈጥረው፥ አገዛዛቸው ወደ ላይ እየወጣ መሄዱን ሊያሳዩበት ነበር። ነፃነት ሲመለስ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እስቲ ይህን የመሰለ መልስ በየትኛው ከተማ ይገኛል? አንድ ዲስኩር ሳይደረግ፥ አንድ ደንጊያ ሳይነቀል፥ የጠላት መሰላል የአንበሳ መቀመጫ ሆነ። መምህሮቻችን ይቅር ይበሉንና፥ ይህ ደረጃ ከክፍሉ መስኮት እየታየ የኢጣሊያን ወረራ ከተባዛ ወረቀት ላይ ብቻ የሚማር ተማሪ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውሃ ጠማኝ እንደሚል ሰው ነው።

ፋሺስቶቹ ራሳቸው የሐውልትን ነገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፥ በዘውድ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀውን የምኒልክን ሐውልት ነቅለው ቀበሩት። ለገሃር የቆመውን አንበሳ አውርደው ወደ ሮማ አጓዙት። ከተማውን በጦር ከያዙ በኋላ በነሐስ ፈረስና በነሐስ አንበሳ ላይ ጉልበታቸውን ያባከኑት ለምንድን ነው? ገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ በፈረሱ ሥር ባለፈ ቁጥር ዐድዋ ትዝ እንዳይለው ነው። ሐውልት ጌጥ ቢሆን ኖሮ ባልፈሩት ነበር። ሁለቱም በየጊዜያቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

«እነዚህ ሁሉ የፈረንጅ ሥራዎች ናቸው፤ ስለ እነሱ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን ወዳጅ አለ። ከፊሉ እውነት ነው። የምኒልክን ሐውልት የሠራው ጀርመናዊ ነው። የአፍሪካ አዳራሽንና የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ኢጣሊያዊ፥ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን የደንጊያ አንበሳ የጠረበው ሞሪስ ካልካ ፈረንሳዊ፥ የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃ የነደፈው አንሪ ሾሜም እንዲሁ ፈረንሳዊ ነው። የስድስት ኪሎውን ሐውልት በ1940ዎቹ የቀረፁት አንቶን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ዩጎዝላቮች ናቸው። ነገር ግን አገራቸው በእነሱው ዕድሜ በፋሺስት ጦር የተያዘች፥ ሕዝቧ የተረሸነ አገር ነበረች፤ በነሐሱ ላይ የየካቲትን ሙታን ሲቀርፁ የማያውቁትን ነገር አልቀረፁም። ደግሞስ ሁሉም የፈረንጅ ነው ያለ ማነው? የፍልውሃን መታጠቢያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ከእስራኤላዊው ከዛልማን ኤናቭ ጋራ የነደፈው ሚካኤል ቴድሮስ የኛው ሰው ነው። የሕንፃ ንድፍ ከሚማሩት ጓደኞቻችን መካከል የውጭ አገሮችን ባለሙያዎች ስም እንደ ዳዊት የሚደግሙ አሉ። የሚካኤል ቴድሮስን ስም ሲሰሙ ግን «ማነው እሱ?» ይላሉ።

ስለ አፈወርቅ ተክሌ እንኳ መናገር ባላስፈለገ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለቀለም መስታወት አለ፤ በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ የያኔውን ትግልና ሊመጣ የሚገባውን ነፃነት ያሳያል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ቻርተራቸውን የፈረሙት በዚህ አዳራሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይህን ቤት ለማደስ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈቅዶ፥ ሥራው አልቆ አዳራሹ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ልብ እንበል፤ ስድሳ ዓመት የሞላውን ቤት ዓለም ለማደስ ይህን ያህል ገንዘብ ሲያወጣ፥ በዚያው ከተማ ስድሳ ዓመት የሞላው ሌላ ቤት «አርጅቷል» ተብሎ ይፈርዳል፤ ይግባኝም የለውም።

እዚህ ላይ የፒያሳ ነገር ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱ። ጣራው በሚያፈስ፥ መጸዳጃ በሌለው ቤት የሚኖረውን ሰው «አንተ ቅርስ ነህና አትነቃነቅ» ማለት ጭካኔ መሆኑን እናውቃለን። ለፎቶግራፍ የሚያምር በረንዳ ለሚኖርበት ሰው ብርድ ሊሆን ይችላል። መንገድም ፍሳሽ ማስወገጃም ያስፈልጋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የትኛው ቤት ሊጠገን የሚችል፥ የትኛው የማይችል መሆኑን ማን መረመረ? ምርመራውስ ሕዝብ ፊት ቀርቦ በቂ ጊዜ ተሰጠውን? በስንት ዓመት የተገነባ ሰፈር በስንት ሳምንት ሲፈርስ፥ ከመፍረሱ በፊት እያንዳንዱ ፊት ለካርታ ተለክቶ፥ ተሥሎ፥ በመዝገብ ሊቀመጥ በተገባው ነበር። ለዚህ ሥራ ደግሞ ደመወዝ የማይጠይቁ፥ እርሳስና ሜትር የያዙ ብዙ መቶ ተማሪዎች በዚሁ ከተማ አሉ።

አይቻልም የሚለን ካለ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እንጠቅስለታለን። በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ መንገድ ሲባል ከቦታው ተነሣ፤ ብዙ ሰው በዚያው ይቀራል ብሎ አዝኖ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ። ባቡሩም አለፈ፥ ጳጳሱም ቦታቸውን አልለቀቁም። መሐንዲስ ከታዘዘ መፍትሔ ያገኛል። ካልታዘዘ ግን የቀረበውን ግሬደር ይጠራል።

ደግሞ ያልወደድነው መንግሥት ያቆመውስ? ሌኒን በ1976 ዓ.ም. ቆሞ በግንቦት 1983 ወረደ፤ ብዙም ያለቀሰለት አልነበረም። በመስከረም 1977 የተመረቀው የትግላችን ሐውልት ግን ከነኮከቡ ቆሟል፤ ቅርፆቹ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ሥራ ናቸው። በዚህ ጉዳይ በመካከላችን ስምምነት የለም፤ ከእኛም አንዳንዶቹ ደርግን የሚያወድስ ነገር ሁሉ ይነሣ ይላሉ። የሚበዙት ግን የገነተ ልዑልን ደረጃ እያሳዩ ይቆይ፥ ከሥሩ ግን እውነቱ ይጻፍበት ይላሉ።

ትልቁ ጉድለት እውነቱ አለመጻፉ ነውና። ስንቱ ሐውልት ነው ሠሪው፥ ዓመቱና ምክንያቱ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ተጽፎበት የምናየው? ሥዕሉ ያለ ስም፥ ሕንፃው ያለ ዓመት ቆሞ «ሕዝቡ ለጥበብ ደንታ የለውም» ይባላል። ሊሥል የሚፈልግም ይባረራል። ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን ስሙን ከማንጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፥ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጠን ፊቱን ስንሥል፥ ዘበኛው መጥቶ «የፈቃድ ደብዳቤ አምጡ» አለን። ደብዳቤውን ለማን እንደምንጽፍ ብንጠይቀው እሱም አላወቀም። ሕንፃው በሺሕ በሚቈጠር ስልክ በየቀኑ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ አደገኛው እርሳስ ሆነ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የከተማው አስተዳደር በየሐውልቱና በየታወቀው ሕንፃ ሥር የሠሪውን ስምና ዓመት ያስጽፍ፤ ዋጋው ከአንድ የመንገድ መብራት አይበልጥም። አንድ አሮጌ ቤት ከመፍረሱ በፊት ዝርዝሩ ለሕዝብ ይለጠፍ፥ የመቃወሚያ ቀንም ይቈረጥ። ዩኒቨርሲቲው በወር አንድ ቀን በሩን ከፍቶ የስድስት ኪሎን፥ የአራት ኪሎን፥ የሽሮ ሜዳን ሕዝብ ያለ ክፍያ ሙዚየሙንና ደረጃውን ያሳይ፤ አስረጂ ከተፈለገ እኛ አለን። የታሪክና የሕንፃ ንድፍ መምህሮቻችንም በየወሰነ ትምህርቱ አንዱን ክፍለ ጊዜ ከጥቁር ሰሌዳው ነጥቀው በእግር ያስተምሩን።

እስከዚያው ድረስ ግን ማንንም አንጠብቅም። በሚመጣው ቅዳሜ ከጧቱ በ3 ሰዓት ከአንበሳው ደረጃ ሥር ተገናኝተን፥ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ፥ ከዚያ ወደ ፒያሳ፥ በቸርችል ጎዳና ወርደን እስከ ለገሃር በእግራችን እንሄዳለን። እርሳስና ወረቀት ይዞ የሚመጣ ይምጣ። ደብዳቤ የሚጠይቅ ዘበኛ ቢመጣ ይህን ጽሑፍ እንሰጠዋለን።